የኔቪል ክሌግ የመጨረሻ ጎል

ኔቪል ክሌግ አሥራ አራት ዓመት በአጥቂነት ተጫውቶ መቶ ሰማንያ ሰባት ጎል አግብቷል። መቶ ሰማንያ ስድስቱን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ እሱ ራሱ እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይምታቱበታል። አንዷን ግን እዚህ ሆልምሮይድ ከተማ ማንንም መንገደኛ አቁመህ ብትጠይቅ፣ በየትኛው እግሩ እንደመታት፣ የትኛውን ቋሚ ገጭታ እንደገባች፣ በረኛው በየት በኩል እንደወደቀ ይነግርሃል። ያኔ ያልተወለዱትም ይነግሩሃል። ምክንያቱም ያቺን ጎል ያገባት በእኛ ላይ ነው።

ስሜ ሺላ ነው። ከኔቪል ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ዓሣና ድንች ጠብሻለሁ። ባለቤቴ ክሊፍ ጡረታ እስኪወጣ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ የሆልምሮይድ ታውን እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ነው። ደጋፊ ስል በሳምንት አንድ ቀን የሚደሰት ሰው ማለቴ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ተበሳጭቶ የቀረውን ስድስት ቀን ለምን እንደተበሳጨ የሚያስረዳ ማለቴ ነው።

ኔቪል የከተማችን ልጅ ነው፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው። የተወለደው ከሱፍ ፋብሪካው ጀርባ ከተደረደሩት ቤቶች በአንዱ ነው። አባቱ ዋልተር ክሌግ በፋብሪካው የማቅለሚያ ክፍል ሠርተው ያረጁ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሜዳው ሌላ የትም አይገኙም፤ ከጎሉ ጀርባ የሚቆሙባትን ቦታ የወረሱት ከአባታቸው ነው። ልጃቸው በአሥራ አምስት ዓመቱ የታውን ታዳጊ ቡድን ሲገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ነበር ያስመዘገቡት።

ከሁለት ዓመት በኋላ አሰልጣኙ አባትና ልጅን ቢሮው ጠርቶ፣ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ዓይኑም ጥሩ ነው። እግሩ ግን ዘገምተኛ ነው። አጥቂ አይወጣውም» አላቸው። ኔቪል አባቴ ይከራከርልኛል ብሎ ቀና ሲል፣ አባቱ «ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት» እያሉ ኮታቸውን ይቆልፋሉ።

«ቤት ስንደርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?» ይላል ኔቪል ይህን ሲያወራ። «‹ክለቡ የሚሠራውን ያውቃል› አለኝ። በዚያ ዓመት እኮ ታውን አሥራ ዘጠኝ ጨዋታ ተሸንፏል።»

በማግስቱ ፋብሪካ ገባ። ለፋብሪካው ቡድን እሁድ እሁድ እየተጫወተ ሁለት ዓመት ቆየ። አንድ ቀን በዝናብ ጭቃ ውስጥ አምስት ጎል አገባ። ከሜዳው ዳር ጃንጥላ ይዞ የቆመ የአንድ ክለብ መልማይ ነበር፤ የመጣው ሌላ ልጅ ለማየት ነው። ያ ልጅ ጉንፋን ይዞት ቀርቷል። መልማዩ ያን ያህል መንገድ መጥቶ ባዶ እጁን ላለመመለስ ኔቪልን ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቅዝቃዜ ታሪክ ነው። አምስት ክለብ፣ አምስት ከተማ፤ ሁሉም ሦስተኛና አራተኛ ዲቪዚዮን። የልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው ውስጥ ሙቅ ውኃ የሚደርሰው መጀመሪያ ለገባ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሃያ አራት ዓመቱ፣ አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን ትልቅ ክለብ ገዛው። አራት ወር ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ አሥራ አንድ ደቂቃ ተጫወተ። በአሥራ አንዱ ደቂቃ ኳስ ሦስት ጊዜ ነካ፤ አንዱ የእጅ ውርወራ ነው። ከዚያ «እናመሰግናለን» ተብሎ ወደ ቅዝቃዜው ተመለሰ።

በሕይወቱ ያገባት ምርጥ ጎል የቷ እንደሆነች ስጠይቀው ወዲያው ነው የመለሰልኝ። የካቲት ወር ነው፤ በረዶ ይጥላል፤ ተመልካቹ ዘጠኝ መቶ አይሞላም። ኳሷን ከሜዳው መሐል ይዞ አራት ሰው አልፎ በረኛውን መሬት ላይ አስተኝቶ አገባት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በረዶው መስመሮቹን ስለሸፈናቸው ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠ። የተቋረጠ ጨዋታ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀመረው፤ የገባችውም ጎል አትመዘገብም።

«ስለዚህ በትክክል ከተቆጠረ መቶ ሰማንያ ስምንት ነው» ይላል።

በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ፌሪንግተን አትሌቲክ የሚባል፣ ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ክለብ ገባ። ጉልበቶቹ አልቀዋል፤ ከጨዋታ በፊት በፋሻ ይጠቀልላቸዋል፣ ከጨዋታ በኋላ በረዶ ውስጥ ይከታቸዋል። ዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ በግንቦት 1988፣ አራተኛው ዲቪዚዮን ግርጌ ሁለት ክለብ ቀረ፤ ፌሪንግተንና ሆልምሮይድ ታውን። መጨረሻ የወጣው ከሊጉ ይሰናበታል። ታውን ሊግ ውስጥ ስልሳ ሰባት ዓመት ኖሯል። የመጨረሻው ጨዋታ እርስ በርስ ነው፤ በእኛ ሜዳ። ለእኛ አቻ ይበቃናል፤ እነሱ ማሸነፍ አለባቸው።

እኔ በዚያ ቀን ቤት ልብስ አሰጣ ነበር። ሜዳው ከቤታችን ብዙ አይርቅም፤ ጩኸቱ ይሰማል። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ጩኸቱ ድንገት ቆመ። ዳኛው ነፍቶ ጨርሶ ሰው የሄደ መስሎኝ ነበር። ክሊፍ ከአንድ ሰዓት በኋላ ገባና ገንዳው ውስጥ የቀረውን እርጥብ ልብስ ማስጣት ጀመረ። ከተጋባን ጀምሮ ልብስ አስጥቶ አያውቅም።

የሆነው ይህ ነው። የፌሪንግተን ቁጥር ሰባት ከቀኝ መስመር አሻማ። የእኛ ቁጥር አምስት ተንሸራተተ። ኔቪል ኳሷ መሬት ሳትነካ በግራ እግሩ መታት፤ የቋሚውን የውስጥ ጎን ገጭታ ገባች። ጓደኞቹ ተከመሩበት። እሱ ግን እጁን አላነሳም፣ አልሮጠም፤ ዝም ብሎ ቆመ። የቆመው ከሐዘን ነው ይላል። ሰዉ ግን ከትዕቢት ቆጠረበት። «ደስ እንኳ አላለውም እኮ» ይሉ ነበር ሰዎች ለዓመታት። «ቢዘል፣ ቢጨፍር ምን ነበረበት? እንደ ሰው ይገባን ነበር።»

የፌሪንግተን አውቶቡስ ሳይንቀሳቀስ ኔቪል ቦርሳውን አንጠልጥሎ በጓሮ መንገድ አባቱ ቤት ሄደ። ዋልተር ከሜዳ ተመልሰው ወጥ ቤት ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸውን አላወለቁም።

«አባዬ» አለ ኔቪል።

«ኦፍሳይድ ነበርክ» አሉት።

«የመስመር ዳኛው ባንዲራ አላነሳም።»

«የመስመር ዳኛው መነጽር ያደርጋል። ሲገባ አይቼዋለሁ፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው።»

«አባዬ፣ ቁጥር ሁለታችሁ መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር እኮ።»

ዋልተር ተነሥተው ማንቆርቆሪያውን ጣዱ። «ሻይ ትጠጣለህ?» አሉት።

ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ከፌሪንግተን ደብዳቤ ደረሰው። ክለቡን በማዳኑ ይመሰገናል፤ ወደፊት ግን ክለቡ ወጣቶች ላይ ማተኮር ስለሚፈልግ ውሉ አይታደስም። ኔቪልን ሌላ ክለብ አልጠየቀውም። ያቺ የመጨረሻ ጎሉ ሆነች።

ሚስቱ ግሌኒስ ብልህ ሴት ናት፤ ግን ሰው አክስቱን አይመርጥም። እንግሊዝ ውስጥ ስንት ከተማ አለ። የግሌኒስ አክስት ሞተው የዓሣና ድንች ቤታቸውን ሲያወርሷት፣ ቤቱ ያለው ሆልምሮይድ ነው፤ ከዳገቱ ግርጌ፣ ከታውን ሜዳ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ። ለሽያጭ አወጡት፤ ገዢ ጠፋ። ኔቪል ሌላ ሥራ ፈለገ፤ ጉልበቱን ሲያዩ ሁሉም አዘኑለት እንጂ አልቀጠሩትም። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ነጭ ሽርጥ አስሮ ከማብሰያው ኋላ ቆመ።

የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልገባም። ሰዉ ቤቱን እያለፈ ዳገቱን ወጥቶ ላይኛው ዓሣ ቤት ይሰለፋል፤ የላይኛው ዓሣ ዘይት የጠጣ ካልሲ ነው የሚመስለው። እኔ ያኔ ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራ ፈት ነበርኩ። መስኮቱ ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አይቼ ገባሁ። ግሌኒስ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ባልሽ ኳስ ይወዳል?»

«እንዳትጠይቂኝ» አልኳት። ሳቀችና ሽርጥ ሰጠችኝ።

ማታ እራት ላይ ለክሊፍ ነገርኩት።

«የት አገኘሽ ሥራ?»

«ዓሣ ቤት።»

«የትኛው ዓሣ ቤት?»

«የታችኛው።»

ሹካውን አስቀመጠ። «ሺላ፣ በዚህ ከተማ ሌላ ሥራ የለም?»

«የለም። አንተም ታውቀዋለህ።»

ሹካውን መልሶ አነሣ። «እሺ። ግን ከዚያ ቤት አንዲት ድንች እዚህ እንዳትገባ።»

ሦስት ሳምንት ጸና። በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን፣ «የሚጣል ነገር ካለ፣ ከሚጣል ለማለት ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል የሚጣል ነገር በላ። ኔቪል ነገሩ ገብቶት ዓርብ ዓርብ ትልቁን ዓሣ ለየት አድርጎ ያስቀምጣል። «ይቺ የምትጣለው ናት» ይለኛል።

የመጀመሪያው ደንበኛ ሆራስ የሚባል ጡረተኛ ፖስተኛ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ በዝናብ በሩን ከፍቶ ገባና ባንኮኒው ፊት ተገተረ።

«ኔቪል ክሌግ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ከሃዲ ነህ።»

«እሺ» አለ ኔቪል።

«ስልሳ ሰባት ዓመት ሊግ ውስጥ ነበርን።»

«አውቃለሁ። አያቴም አባቴም እዚያው ሜዳ ነው ያረጁት።»

ሆራስ ይህን አልጠበቀም። ወደ ውጪ አየ፤ ዝናቡ ብሷል። ወደ ማብሰያው አየ።

«ድንቹ ትኩስ ነው?»

«አሁን ነው የወጣው።»

«አቼቶውን አብዛበት።»

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ፤ ገብቶ ፊት ለፊት መናገር ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚናገረው ነበረው። ግን ዓሣ ቤት ገብቶ ሰድቦ ብቻ መውጣት ነውር ነው፤ ቢያንስ ድንች ይገዛል። ዓርብ ቀን ሰልፉ እስከ ጫማ ቤቱ ይደርስ ጀመር። አንዱ «ወንድሜ በዚያ ጎል ምክንያት ሚስቱን ፈታ» ይላል። ሌላው «ውሻችን ሦስት ቀን አልበላም» ይላል። ኔቪል ዓሣውን ሊጥ ውስጥ እየነከረ፣ «ውሻው ዕድሜው ስንት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ እኔ «እባካችሁ፣ ስድቡን አጠር አድርጉትና ሰው ይስተናገድ» እላለሁ። አንዳንዱ የጎሉን ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጦ ይዞ ይመጣል፤ ኔቪል ይፈርምለታል፤ ሰውየው አጥፎ ኪሱ ይከትና «ለማስረጃ ነው» ይላል። በሁለተኛው ዓመት የላይኛው ዓሣ ቤት ተዘጋ።

ዋልተር ዓርብ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣሉ። ጥግ ያለችው ጠረጴዛ የሳቸው ናት። ዓሣቸውን በልተው፣ የተፈጨ አተራቸውን በማንኪያ ጠርገው፣ ሲነሱ «ኦፍሳይድ ነበርክ» ይሉታል። እሱም «እሺ አባዬ፣ ደረጃው ያዳልጣል፤ ቀስ ብለህ» ይላቸዋል። ከሰባት ዓመት በኋላ ሞቱ። እኔና ግሌኒስ ልብሳቸውን ልናወጣ ስንሄድ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የሆነ ቦታ ስለልጃቸው የተጻፈ ጋዜጣ ቆርጠው ደብቀው ይሆናል ብለን ነበር። ተደብቆ የሚገኘው ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይደል? የእያንዳንዱን ኪስ ገለበጥን። ያገኘነው የአርባ አንድ ዓመት የታውን ሜዳ መግቢያ ትኬት ነው፤ በየዓመቱ ታስሮ። ስለ ኔቪል አንዲት ወረቀት የለም። ለኔቪል ስነግረው፣ «አልዋሸኝም ማለት ነው» አለና ሽንኩርት ሊያመጣ ወጣ።

በ2008 የጸደይ ወራት ከፌሪንግተን ደብዳቤ መጣ። አትሌቲክ ከፈረሰ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ኔቪል ያዳነው ለስድስት ዓመት ብቻ ነው። ሜዳው ተሸጦ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ተሠርቶበታል። የቀድሞ ደጋፊዎች ማኅበር ግን አልፈረሰም፣ በየዓመቱ ምሳ ያሰናዳል፤ በዚህ ዓመት ደግሞ ክለቡ የዳነበትን ሃያኛ ዓመት እሁድ ቀን በምሳ ግብዣ ሊያከብር ነው፤ የያኔዎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ተጠርተዋል።

ኔቪል ደብዳቤውን ሦስት ቀን ከጨው ዕቃው ሥር አስቀመጠው። እንደሚፈልግ ያስታውቃል። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለዚያች ጎል ደግ ቃል የተናገረው ሰው የለም፤ አንድ ቀን ሄዶ ቢሰማ ምን ይላል? ግሌኒስ እህቷ ታማባታለች። እሱ ደግሞ በዚያ ጉልበቱ ሦስት ሰዓት መንዳት አይችልም። እኔ ለክሊፍ ነገርኩት፤ ይቆጣል ብዬ ነበር።

«ፌሪንግተን ባሕር ዳርቻ ነው አይደል?» አለኝ።

«ነው።»

«ለአየሩ ከሆነ እወስዳችኋለሁ።»

ሁለቱ እስከዚያ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። መኪና ውስጥም የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። ክሊፍ «ሺላ፣ ሰውየው መስኮቱን ይዝጋ፤ ይነፍሳል» ይላል። ኔቪል አጠገቡ ተቀምጦ «ሺላ፣ ዘግቼዋለሁ በይው» ይላል። ሦስት ሰዓት እንዲህ ሄድን።

ፌሪንግተን ስንደርስ በቅድሚያ የሄድነው ሜዳው ወደነበረበት ነው። ገበያ አዳራሹ በር ላይ፣ የዕቃ መግፊያ ጋሪዎቹ ከሚደረደሩበት አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ የናስ ሰሌዳ ተለጥፏል። ክሊፍ መነጽሩን አውጥቶ አነበበ። ጠርጎ እንደገና አነበበ። ሰሌዳው የሚለው፣ የፌሪንግተን አትሌቲክ ሜዳ እዚህ እንደነበር፣ ክለቡም በግንቦት 1988 በዴኒስ ፖላርድ ጎል ከመውረድ እንደዳነ ነው።

«ፖላርድ ማነው?» አለ ክሊፍ። ሳያስበው ኔቪልን በቀጥታ ነበር የጠየቀው።

«ቁጥር ሰባት። ያሻማልኝ ልጅ» አለ ኔቪል። «ተወው፣ ሰው ይሳሳታል። ምሳው እንዳያመልጠን።»

ምሳው በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ስልሳ ሰው ያህል ተቀምጧል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጨዋታው ሲደረግ ተማሪ የነበረ፣ ዝግጅቱን በሙሉ ልብ ያሰናዳ ሰው ነው። ኔቪልን በር ላይ ተቀብሎ «እንኳን ደህና መጡ አቶ ኔልሰን» አለውና ከበሩ አጠገብ፣ ከተቀያሪዎቹ ጋር አስቀመጠው። ሾርባ እየቀረበ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። «ያቺን የማትረሳ ጎል ያገባልን» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ከፊት ጠረጴዛ ራሰ በራ ሰውዬ ብድግ አለ። ዴኒስ ፖላርድ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ኔቪልም ያጨበጭባል፤ ዳቦ አፉ ውስጥ እንዳለ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ከኔ አጠገብ ያለው ወንበር ተገፋ። ክሊፍ ቆሟል።

«ይቅርታ» አለ። «እኔ የሆልምሮይድ ሰው ነኝ።»

ማንኪያው ሁሉ ከሾርባው በላይ ቀረ።

«በዚያ ቀን ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ። ከበረኛችን አምስት ሜትር ብሆን ነው። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ነው። እሳቸው ከቀኝ አሻሙ፤ በጥሩ ሁኔታ ነው ያሻሙት፣ አልዋሽም። ቁጥር አምስታችን አዳለጠው። ይሄ ሰው ደግሞ» አለና በኔቪል ጭንቅላት ላይ ጣቱን ቀሰረ፣ «መሬት ሳትነካ በግራ እግሩ መታት። በግራ። ግራ እግር እንዳለው ማንም አያውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ የሱ ፊት ነው። በሱ የተነሣ ሃያ ዓመት ተቆጥቻለሁ። አሁን ተነሥታችሁ የሌላ ሰው ነው ልትሉኝ ነው?»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገለባበጠ። «የአቶ ኔልሰን ዘመድ ነዎት?»

«ኔቪል። ኔቪል ክሌግ። ዘመዱ አይደለሁም። ያወረደን እሱ ነው።»

ፖላርድ እስካሁን ቆሟል፤ ራሰ በራው ቲማቲም መስሏል። «እውነታቸውን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ አገባሁ ብዬ አላውቅም። የመጀመሪያው ዓመት አሻማሁ ነው ያልኩት። አንድ ሰው በስህተት ጻፈው። በየዓመቱ ሲያጨበጭቡልኝ ደግሞ... ምን ልበል፣ ምሳው ጥሩ ነው።»

«ዴኒስ፣ ተቀመጥ» አለው ኔቪል ከበሩ አጠገብ። «አንተ ባታሻማት እኔ ከየት አመጣት ነበር? ሾርባህ ቀዘቀዘ።»

ከዚያ በኋላ ለኔቪልም ተጨበጨበ። ግን ስልሳ ሰው አንዴ ያጨበጨበለትን ነገር እንደገና ሲያጨበጭብ ልቡ ያን ያህል አይሆንም። ጣፋጩ ሳይቀርብ ወጣን።

በመልሱ መንገድ ላይ መንገደኛ የሚያርፍበት ሻይ ቤት አቆምን። ክሊፍ ሦስት ሻይ በትሪ ይዞ መጣ፤ ለኔቪል ሁለት ስኳር ጨምሮበታል፤ ሁለት እንደሚጠጣ እኔ ነግሬው አላውቅም። ተቀመጠና ጠየቀው።

«ልጠይቅህ። ስትመታት፣ እኛ መሆናችንን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ብልህ ደስ ይልሃል?»

«እውነቱን ንገረኝ።»

ኔቪል ጉልበቱን በእጁ እያሸ አሰበ። «ሳልመታት በፊት አውቃለሁ። ከመታኋት በኋላም አውቃለሁ። መሐል ላይ ግን ኳስ ብቻ ነበረች። ዘገምተኛ ነህ ካሉኝ ቀን ጀምሮ እንደዚያ ያለች ኳስ እንድትመጣልኝ ነው ስሮጥ የኖርኩት። መጣች። ምን ላድርጋት?»

«ልትስታት ትችል ነበር።»

«ብስታት ኖሮ ምን ትሉ ነበር?»

ክሊፍ ሻዩን አማሰለ። «ዘገምተኛ ነው እንል ነበር» አለ።

ሁለቱም ሳቁ፤ ብዙ አይደለም። ከዚያ እስከ ሆልምሮይድ ስለ መንገዱ ጥገና እየተነጋገሩ ሄዱ፤ እኔ ከኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የፌሪንግተን ማኅበር ይቅርታ ጠይቆ ጻፈ። ሰሌዳውን ሊያርሙት ከግድግዳው ነቅለው ወሰዱት። ሲነቅሉት የገበያ አዳራሹ ባለቤቶች አዩና፣ ቦታው ለአበባ መሸጫ ይፈለጋል አሉ። ሰሌዳው ተመልሶ አልተሰቀለም። የኔቪል ስም በትክክል ተጽፎበት የአንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ እንዳለ ሰምተናል።

ፖላርድን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለምሳ አልጠሩትም። ይህ ኔቪልን ከነከነው። ስልኩን አፈላልጎ ደወለለት፤ «ና፣ ዓሣ ብላ» አለው። ፖላርድ በመስከረም አንድ ዓርብ በባቡር መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሰልፉ ሙሉ ነው፤ ሆራስ እንኳ በዘጠና ዓመቱ ምርኩዙን ይዞ ቆሟል።

«ይሄ ማነው?» አለ ሆራስ፤ ኔቪል እንግዳውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ አይቶ።

«ዴኒስ ፖላርድ ይባላል። ያሻማው።»

ሰልፉ በሙሉ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ መቺው ብቻ ስናስብ ነበር እኮ፤ ኳሷ ከየት እንደመጣች ማንም ጉዳዬ ብሎ አያውቅም።

«አንተ ነህ?» አለው ሆራስ ምርኩዙን እየጎተተ ቀርቦ። «በዚያ በኩል ማን ነፃ አደረገህ? ተከላካያችን የት ሄዶ ነው?»

«መሐል ገብቶ ነበር» አለ ፖላርድ። «ተክለ ሰውነቱ ትልቅ፣ ጸጉሩ ቀይ የሆነ ልጅ።»

«ፍሬድ ነው!» አለ አንዱ ከሰልፉ መሐል። «እኔ ያኔም ብያለሁ። ፍሬድ ቦታውን ለቋል ብዬ አልነበረም?»

ሁለት ሰዓት ከበው አፋጠጡት። በፌሪንግተን ሃያ ዓመት በስህተት ተጨብጭቦለት ነበር፤ እኛ ዘንድ በትክክል ተሰደበ። ባቡር ጣቢያ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ትኬቱን እየፈለገ፣ «ሁሉንም ነገር ያስታውሳሉ እኮ» አለኝ። «ቀኝ ካልሲዬ ወርዶ እንደነበር ሳይቀር።» ከዚያ በኋላ በየወሩ መጀመሪያ ዓርብ መምጣት ጀመረ።

ኔቪል በ2011 ቤቱን ሸጠው። ሁለቱም ጉልበቶቹ ተቀይረው የብረት ሆነዋል፤ መቆም አይችልም። የገዙት ባልና ሚስት ከሊድስ የመጡ ናቸው። ዓሣቸው ከእኛ ይሻላል፤ ይህን የምለው ሃያ ሁለት ዓመት የጠበስኩ ሰው ነኝ። ሰልፉ ግን አጭር ነው። ሰዉ ገብቶ ይገዛና ይወጣል፤ የሚናገረው ነገር የለውም።

አሁን ዓርብ የሚሰበሰቡት በእኛ ቤት ነው። ክሊፍ ዓሣውን ከአዲሶቹ ገዝቶ ያመጣል፤ በሙሉ ዋጋ። ፖላርድ በወሩ ሲመጣ ሦስት ይሆናሉ። ከበሉ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የጨው ዕቃውን፣ የአቼቶ ጠርሙሱን፣ የሰናፍጩን ማሰሮ ይደረድሩና ጎሏን እንደገና ያስገቧታል። ቁጥር አምስታችን የሰናፍጩ ማሰሮ ነው። ክሊፍ በየሳምንቱ ወደ ግራ ትንሽ ያስጠጋዋል፤ እዚያ ቢቆም ኖሮ አያዳልጠውም ነበር ይላል። ኔቪል ደግሞ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እኔ ሳህኑን አነሣለሁ፤ እነሱ ገና ናቸው።